ከመብራቱ ቀጥሎ ያለው ቃል

ባሌ ዌንደል ስትራውድ አንድ ምሳ እንኳ ተቀምጦ ጨርሶ አያውቅም። ተቀምጦ ይጀምራል፤ ከዚያ ሳህኑን ይዞ ይነሳና ከመስኮት ወደ መስኮት እየዞረ ይጨርሰዋል። የሠርጋችን ዕለት እናቱ ወደ ጓዳ ጎተት አድርጋኝ «ማርሊስ፣ ይሄን ልጅ አንድ ቦታ አስቀምጠዋለሁ ብለሽ እንዳትደክሚ፤ እኔ ሞክሬ አልቻልኩም» አለችኝ። ሳቅሁባት። ገና ልጅ ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜ ባል የሚታረም ነገር ይመስላል።

ሥራውም እግሩን የሚመስል ሆነለት። ኦሃዮን በመኪና እያካለለ ለየትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ሜዳ የሚነጠፍ እንጨት ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ ወጣ። አሁንም በአንዱ ትምህርት ቤት ደጃፍ ስናልፍ፣ የወለደው ይመስል «እዚያ ውስጥ ያለው ወለል የእኔ ነው» ይለኛል። እኔም «አባቱን ነው የመሰለው፣ የመጣው ሁሉ ይረግጠዋል» እለዋለሁ።

ልቡ የሚረጋበት አንድ ቤት ነበረ፤ የእኛ ቤት ግን አይደለም። ሚልበርን ከተማ ውስጥ፣ ከተማረበት ኮሌጅ በር ፊት ለፊት ያለው የወንድ ተማሪዎች ማኅበር የቀይ ሸክላ ቤት ነው፤ ከበሩ በላይ የማኅበሩ ስም የሆኑ ሦስት የግሪክ ፊደላት ተሰቅለዋል። ዌንደል ከአባቱ የወተት ላሞች ተነስቶ ኮሌጅ በገባበት ዓመት ማኅበሩ ወንድም ብሎ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ ተመረቀ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ሸበተ፤ ከዚያ ቤት ግን አልወጣም። ማሞቂያው ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። ልጆቹ የጎረቤቱን ማኅበር ሐውልት ሮዝ ቀለም ቀብተው የኮሌጁ ዲን ሲቆጣ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። በአንድ የገና በዓል የዶሮው ክንፍ እጁ ላይ እንዳለ ስልክ ተደወለና «ቧንቧ ፈነዳ» ተባለ። ክንፉን ይዞ ሄደ። የወሰደችብኝ ሴት ብትሆን ኖሮ ፀጉሯን እነጭ ነበር፤ ቤትን ግን ምን ታደርጊዋለሽ?

የዚያ ቤት ደረጃ ግድግዳ በፎቶ የተሞላ ነው። የየዓመቱ ወንድሞች በአንድ ትልቅ መስታወት ውስጥ በትንንሽ ክብ ተደርድረው፣ ሁሉም ክራባት አስረው ወደ ፊት ያያሉ። በየጥቅምቱ የቀድሞ ተማሪዎች በዓል ሲደርስ መላጣ ሽማግሌዎች ደረጃው ላይ ይሰለፉና ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ጭነው ፀጉራም የነበሩትን ራሳቸውን ይፈልጋሉ። የዌንደል መታጠፊያው ላይ ነው። ሁሉም ፎቶ አንሺውን ሲያይ እሱ ብቻ ወደ ጎን ዞሯል፤ አንድ ጆሮና ግማሽ አፍንጫ ነው የሚታየው። ማን ጠርቶት እንደሆነ እሱም አያስታውስም።

አሁን ወደ አደራው ልምጣ። ማኅበሩ አዲስ ወንድም ሲቀበል ምድር ቤት ያወርደውና ዓይኑን ያስረዋል። ሌሎቹ ዙሪያውን ቆመው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ የቤቱን መዝሙር በአፍንጫቸው ያዜማሉ፤ ጮክ አድርገው፣ ወለሉ እስኪነዝር። ባለአደራ የሚባለው ሰው በዚያ ጩኸት ውስጥ አፉን ከልጁ ጆሮ ያስጠጋና አደራ የሚሉትን የማኅበሩን ምስጢራዊ ቃል ይነግረዋል። ሌላ ሰው አይሰማም። እያንዳንዱ ወንድም በዕድሜው አንዴ ብቻ፣ በራሱ ጆሮ ብቻ ይሰማዋል። አይጻፍም፣ ማንም ለማንም አይደግመውም። ሙሉውን በቃሉ የሚይዘው ያው አንድ ባለአደራ ነው፤ ሲያረጅ በበዓሉ ቀን፣ እዚያው ምድር ቤት፣ ለመረጠው ልጅ ያስተላልፋል። መሃል ላይ ከተሰናከለ ከመጀመሪያው ይነሳል፤ እሱ እስኪጨርስ ዜማው አይቆምም። ሲጀመር እንዲህ ነበር፣ እንዲህም ቀረ። ዌንደል የተቀበለው ዶክተር ፌልፕስ ከሚባሉ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ልጃችን ካሮል የተወለደች ዓመት።

ሴት ስለዚህ ነገር እንኳን ቃሉን፣ መኖሩንም ማወቅ አልነበረባትም። እኔ ግን ቃሉን ሙሉውን አውቀዋለሁ።

ፈልጌ አይደለም። አዲስ ልጅ መቀበያ በደረሰ ቁጥር ዌንደል መታጠቢያ ቤት ይገባና ውሃውን ከፍቶ አደራውን ይለማመዳል። የውሃው ድምፅ የሚሸፍነው መስሎት ነው። የቤታችን ግድግዳ ግን ከካርቶን አይሻልም፤ እኔ ደግሞ ማዶ ቆሜ ልብስ አጥፋለሁ። ጆሮዬን ቆርጬ አልጥለው! አንድ ቀን ድንች ስልጥ አፌ ብቻውን ሲያነበንበው ያዝኩት። ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለካሮልም፣ ለእናቴም። ነገር በሆዴ መያዝ እችልበታለሁ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ቃሉ ያምራል። ዓመት ሙሉ ቢራ ሲደፉ ለሚኖሩ ልጆች እንዲህ ያለ ቃል መነገሩ ይገርመኝ ነበር።

ከኦሃዮ ነቅለን ስለመሄድ ሦስት ዓመት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ነበር የኖርነው። ልጃችን ካሮል አሪዞና ናት፤ ከእሷ ቤት ሁለት በር አልፎ ትንሽ ቤት አግኝታልናለች፣ የልጅ ልጆቻችንን በስልክ መስኮት ብቻ ማየት ሰልችቶኛል። ዌንደል እሺ ብሏል። «አደራውን ላስረክብና እንሄዳለን» ይላል። ጥቅምት ሲደርስ ግን የሚረከበው ልጅ ሁሉ ነውር ይወጣለታል። አንዱ ቶሎ ይስቃል። ሌላው እንቅልፍ ይወዳል። «እንቅልፍ የሚወድ ሰው ምን አደራ ይይዛል?» ይለኛል፣ በሌሊት ልብሱ ሳሎን ለሳሎን እየተንጎራደደ።

ታዲያ መጋቢት ላይ ወደቀ። አንጎሉ ውስጥ ትንሽ የደም ሥር ተዘግቶ ነው አሉን። እግዜር ይመስገን፣ እግሩም አፉም ተመለሱ፤ ቀኝ እጁ ትንሽ ዝሏል፣ አንዳንድ ቃል ደግሞ ይሸሸዋል። ሹካን «ያ ነገር» ይላል። የጎረቤታችንን ስም ትቶ «የውሻው ሰውዬ» ይለዋል። በዚያ እንስቅ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ልብስ እያጠፍኩ ከግድግዳው ማዶ ሰማሁት፤ «መብራቱን ይዘህ ቁም» አለና ዝም አለ። ውሃው ይወርዳል። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፣ «መብራቱን ይዘህ ቁም» አለ፣ አሁንም ዝም። የሚቀጥለው ቃል እኔ ምላስ ላይ ቁጭ ብሏል። ውሃው ቀዝቅዞ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። «ምነው ቆየህ?» ብለው «ሳሙናው ጠፍቶኝ» አለኝ።

እስከ ጥቅምት ድረስ እንዲህ ሆነ። ስንቴ ልነግረው በሩ ድረስ ሄጃለሁ! ግን ምን ልበለው? ዕድሜህን ሙሉ የደበቅኸውን ነገር ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ ልበለው? ይሄ ሰው ቅር ቢለው፣ አደራው ተበላሽቷል ብሎ ጭራሽ አላስረክብም ቢልስ? ዝም ካልኩ ደግሞ ሊጠፋበት ነው፤ ከጠፋበት ከዚያ ቤት ደጃፍ የሚያነሳው የለም፣ እስኪሞት ይፈልገዋል። እሱ ሳሎን ይንጎራደዳል፣ እኔ አልጋ ላይ እገላበጣለሁ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ወደ ሚልበርን ስንነዳ መሪውን እሱ ይዟል። በቆሎው ታጭዶ ሜዳው ራቁቱን ቀርቷል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ መብራቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ መሪውን ጠበቅ ያደርጋል፣ እንደገና ይጀምራል። ምላሴን ነክሼ ነክሼ አልቻልኩም።

«ዌንደል፣ እጅህ ደክሟል» አልኩት። «አትፈር፤ መሪውን ስጠኝ።»

ዞር ብሎ አየኝ። «እጄ ምንም አልሆነም» አለ። ከዚያ ሚልበርን እስክንደርስ መሪውን አልለቀቀም።

የማኅበሩ ቤት በረንዳ ላይ ክላይድ ኔስቢት ቆሟል። ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው፤ ወንድሞቹ ግን እስከ ዛሬ ዱባ ነው የሚሉት። አንደኛ ዓመት ሳለ ከገበሬ ማሳ ዱባ ሰርቀህ ና ተብሎ ተልኮ፣ ማሳው ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ገበሬው ራሱ በትራክተር አምጥቶ በረንዳው ላይ አራግፎታል። ዳኛ ሆኖ ሲሾም እንኳ ከችሎቱ ጀርባ «አይዞህ ዱባ!» ያሉ ነበሩ።

«እንዴ ስትራውድ፣ አልሞትክም?» አለው።

«አንተን ሳልቀብር? መሬቱ ሰፋ ብሎ ይቆፈርልህ ብዬ እየጠበቅሁ ነው።»

«ዘንድሮም ልጁን አልወደድኩትም ብለህ ልታስለቅሰን ነው?»

«ዘንድሮ አስረክባለሁ» አለ ዌንደል። ሲናገር ኮፍያውን ያወልቃል፣ ያደርጋል፣ ያወልቃል።

ዱባ ወደ እኔ ዞረ። «ማርሊስ፣ ሻንጣሽን እሰሪ በያ!»

«ሦስት ዓመት ታስሮ ነው ያለው» አልኩት። «የውስጥ ልብሴን ሳይቀር ሻጋታ በላው።»

የተመረጠው ልጅ ዴቨን ፕሩይት ይባላል፤ የዓመቱ የማኅበሩ መሪ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥፍሩን የሚበላ ልጅ። ወጥ ቤት ልትረዱኝ ትችላላችሁ ወይ ሳልል መጥቶ ቺሊ የሚሉት የሥጋና የባቄላ ወጥ ያለበትን ድስት ተሸከመልኝ። ሲቀመጥ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር ይዘላል፤ ቺሊው ሁሉ ይናወጣል። ዌንደል ለምን እንደመረጠው ያኔ ገባኝ።

«ወይዘሮ ስትራውድ፣ እኔ እኮ ፈተና ላይ እንኳ ያጠናሁት የሚጠፋኝ ሰው ነኝ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ቢጠፋኝስ?»

«አይጠፋህም፣ ብላ» አልኩት። ለእሱ ይሁን ለራሴ እንደሆነ አላውቅም።

ኮሌጁ ለበዓሉ በሚያደርገው የኳስ ጨዋታ እንደ ልማዳችን ተሸነፍን። ከሰዓት በኋላ፣ ወንዶቹ የፖም ጭማቂያቸውን ትተው አንድ በአንድ ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤ ሽማግሌዎቹ የደረጃውን መደገፊያ እየያዙ፣ ልጆቹ ከሥር ብብታቸውን እየደገፏቸው። ዌንደል ቀድሞ ወረደ። ወደ ኋላ አላየም። በሩ ተዘጋ፣ እኛ ሚስቶቹ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቀረን።

የዱባ ሚስት ቬርና ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለች። «እዚያ ታች ምን እንደሚባባሉ ባውቅ ቤቴን እሸጥ ነበር።»

«ስለ ጉልበታቸው ነው የሚያወሩት» አልኳት። ሁሉም ሳቁ።

ከዚያ ዜማው ተነሳ። ከወለሉ ሥር፣ ንብ ቀፎ ላይ የቆምን ይመስል፣ በጫማችን ውስጥ ገባ። መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ ተንቃጨሉ። እኔ ቃሉን በሆዴ አብሬው እል ጀመር። ከቃሉ የቱ ጋ እንደደረሰ አውቃለሁ። በሩን አለፈ፣ ስሙን አለፈ፣ ወንበሩን አለፈ። መብራቱ ጋ ደረሰ። እኔ ጨረስኩ። ዜማው አልቆመም።

ከመጀመሪያው ጀምሯል ማለት ነው። እኔም አብሬው ጀመርኩ። አሁንም ጨረስኩ፣ አሁንም ዜማው አልቆመም። ተነሳሁ። ንጹሕ ሳህን አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩት።

«ዛሬ ምን ነክቷቸዋል?» አለች ቬርና። «ክላይድ እኮ ልቡ ደካማ ነው፣ እንዲህ ሲያጓራ ሊውል ነው?»

ዜማው መሻከር ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ትንፋሽ አጥሯቸው ልጆቹ ብቻ የያዙት ይመስላል። አንዱ ሳለ። ደሜ ፈላ፤ በዌንደል ኩራት፣ በእኔ ዝምታ፣ በዚያ የተረገመ በር፤ በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። ሂጂ ሂጂ ብሎኝ ወደ በሩ ሄድኩ፤ እጄን እጀታው ላይ አደረግሁ። ሴት ያንን በር ከፍታ አታውቅም። ከፍቼ ብገባ በስልሳ ወንድ ፊት አዋርደዋለሁ። እጄን አነሳሁ። መልሼ አደረግሁ።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ዌንደል ነው።

ላቡ በጆሮው ግንድ ይወርዳል። ከጀርባው ያ የተሻከረ ዜማ ወጣ፤ እሱ እስኪጨርስ ማቆም የለባቸውማ። ቬርና እግሯን ከወንበሩ አወረደች።

«ማርሊስ» አለ፣ ሁሉም እየሰማ። «ከመብራቱ ቀጥሎ ምንድን ነው?»

«ከምኑ መብራት?» ልለው ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።

«ጠዋት ልትነግሪኝ ነበር አይደል?»

ትከሻውን ይዤ አፌን ከጆሮው አስጠጋሁ። የአደራውን ሌላ ቃል ለናንተ አልነግራችሁም፤ የእኔ አይደለም። ይህችኛዋ ግን የእኔም ድርሻ ያለባት ስለሆነች እነግራችኋለሁ። «መብራቱን ይዘህ ቁም፤ እጅህ ሲደክም አትፈር፣ አጠገብህ ላለው ስጠው።»

ዓይኑን ጨፈነ። ራሱን ነቀነቀና ተመልሶ ወረደ። በሩን አልዘጋውም።

ዜማው አንዴ ከፍ አለ፤ ምናልባት ሲያዩት ጉልበት አግኝተው ይሆናል። እኔ አብሬው አላልኩም፤ የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም። ትንሽ ቆይቶ ዜማው ቀጥ አለ፣ ከዚያ ጭብጨባና ሳል ተደባልቆ ቤቱን ሞላው።

ዱባ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ቀድሞ ወጣ። «የት ሄደህ ነው ስትራውድ? ነፍሳችን እኮ ሊወጣ ነበር!»

«ሚስቴን ልጠይቅ» አለ ዌንደል።

«ምን?» ዱባ እኔን አየኝ፣ እሱን አየው። «ታውቃለች? ከመቼ ጀምሮ?»

«ካሮል ዳይፐር ላይ ሳለች ጀምሮ። የቤቴ ግድግዳ ካርቶን ነው።»

«ይሄ እኮ… ይሄ እኮ በደንቡ…»

«ዳኛ አይደለህ፣ ፍረድባት» አለው ዌንደል።

ቬርና ከኋላው «ክላይድ፣ ዋ!» አለችው። ዱባ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ውሃ ለመነ፤ ፍርዱም በዚያው ቀረ።

እኔ ግን ዌንደልን ለቀቅ አላደረግሁትም። ክንዱን ይዤ «ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ድንች ስትልጪ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ከእኔ ሌላ የያዘው ሰው አለ ብዬ እተኛ ነበር።»

ይሄ ሰውዬ ተኝቶ ያውቃል እንዴ? «ከመጋቢት ጀምሮስ? ይሄን ሁሉ ወር በቀዝቃዛ ውሃ ስትንቀጠቀጥ ምናለ አንዴ ብትጠይቀኝ?»

«አፈርኩ» አለኝ። ይህንኑ ብቻ።

አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ዴቨን አጠገቤ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ሁሉም ሲበተን ጠጋ ብሎ «ወይዘሮ ስትራውድ፣ አሁን ይዤዋለሁ። ግን እንዳይጠፋኝ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ገላህን ስትታጠብ በለው» አልኩት አፍንጫዬን እየጠራረግሁ። «ስታገባ ደግሞ ግድግዳው ስስ የሆነ ቤት ተከራይ።»

ዌንደል የቀረውን ቺሊ በሳህን ቀድቶ ሴቶቹ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ተቀመጠ ስላችሁ! ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በቀኙ ማንኪያውን ይዞ፣ ቀስ ብሎ ሙሉውን በላ። መስኮቱን አንዴ እንኳ አላየውም። ሳህኑን ሲጨርስ በዳቦ ጠረገው። ከዚያ ቀና ብሎ «እንግዲህ ለካሮል ደውዪላት» አለኝ። «መቼ ነው የምንሄደው?»

ሦስት ዓመት ሙሉ መልሱን አፌ ላይ ይዤ ነበር የኖርኩት። አሁን ግን ደረጃው ላይ ካለው ፎቶ ያ ግማሽ አፍንጫና አንድ ጆሮው ታየኝ፤ ታች ልጆቹ ሲስቁ ይሰማኛል፤ ከዚህ ቤት መለየት ለእኔም ከበደኝ። የቬርናን ሳህን አነሳሁ። የዱባንም ብርጭቆ አነሳሁ። «ቆይ እስቲ» አልኩት፤ «መጀመሪያ ይሄን ልጠብ።»

«ታጥቧል እኮ» አለ ዌንደል፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።